ሁለቴ በተረከዝ

«አትሰማም፤ እንደ ልብህ ተናገር» አለኝ ለሥራ የጠራኝ ሰውዬ፣ እናቱ እጁን ቢዘረጋ በሚደርስባቸው ቦታ ተቀምጠው። የተናገርኩት ክፉ ነገር አልነበረም። ገና በሩን አልፌ ሁለት እርምጃ ስራመድ ወለሉ ከሥሬ ሲረግብና ሲነሳ «ይኼማ ወለል ሳይሆን የሽቦ አልጋ ነው» ብዬ ቀለድኩ፤ ወዲያው አሮጊቷን ሳያቸው በሰው ቤት መቀለዴ አሳፈረኝና ድምፄን ዝቅ አደረግኩ። እሱ ግን ምንም አልመሰለውም። ጆሯቸው ከጠፋ አሥራ አንድ ዓመት እንዳለፈው፣ ስኳር እግራቸውን ማደንዘዙን፣ ከወንበርና ከአልጋ ሌላ መዋያ እንደሌላቸው፣ ዕቃ እንደሚያስረክብ ሰው እዚያው እፊታቸው አንድ በአንድ ዘረዘረልኝ። ሰው ቁጭ ብሎ ሳለ እንደሌለ ሲወራበት አልወድም፤ ደሜ ይፈላል። ግን ምን አገባኝ፣ የመጣሁት ወለል ላጠነክር ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዋጥኩት።

ሰፈሩ ውስጥ የምታወቀው «ውሃ ልክ» በሚለው ቅጽል ነው። ውሃ ልኬ ከእጄ አይለይም፤ ሰው ቤት ሻይ ሲጋበዝ እንኳ ጠረጴዛው መዝመም አለመዝመሙን ሳይለካ ብርጭቆ አያነሳም እያሉ ያሙኛል። ሐሜት ነው፣ ውሸት ግን አይደለም። ያንን ቤት ገና ከውጭ ሳየው ወድጄው ነበር። በድንጋይ እግሮች ላይ ከመሬት ክንድ ተኩል ያህል ከፍ ብሎ የቆመ፣ ግድግዳው ጤነኛ፣ ጣሪያው ቀጥ ያለ፣ የዱሮ ሰው በእልህ የሠራው ቤት ነው። ወለሉ ብቻ አንጀቱ አልቋል። ትልቁ ክፍል ውስጥ አንድ አልጋ፣ አንድ የመስታወት ቁም ሳጥን፣ አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር አለ። ወንበሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ጀርባውን ወደ በሩ አድርጎ ተቀምጧል፤ ብርሃን ፊታቸው ላይ እንዲወድቅ ይሆናል። ሰው በተራመደ ቁጥር ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ይንሾካሾካሉ። እህቱ የጓዳው በር ላይ ቆማ እጇን በጨርቅ ታደርቃለች። አርባን የተሻገረች ቀጭን ሴት ናት፣ ስትናገር የሚያቋርጧት እየመሰላት ትቸኩላለች።

መለኪያ ሜትሬን አውጥቼ ወደ ጥግ ጥቂት እንደተራመድኩ እናትየው፣ ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳያነሱ፣ «እንግዳው ቀኝ እግሩን ያመዋል፤ ቁጭ ይበል በሉት» አሉ። እጄን በአፌ አስጫኑኝ። ከስምንት ዓመት በፊት ከመሰላል ወድቄ ጉልበቴ ተጎድቷል፤ ግን አረማመዴን አሳምሬ ስለምሄድ የገዛ ደንበኞቼ እንኳ አያውቁብኝም። እሳቸው ደግሞ አላዩኝም፣ አልሰሙኝም። ወንድምየው ሳቀ። እህትየው ግን ዝናብ ጣለ እንደማለት አድርጋ «በወንበሩ ነው የምታውቀው» አለች። ሰው ሲራመድ ወለሉ ይረግባል፣ ወንበሩም ከነእሳቸው ዝቅ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ማን እንደሆነ፣ ከየት ወዴት እንደሚሄድ፣ ዕቃ ይያዝ አይያዝ ይለያሉ። ድመት ሲገባ እንኳ ያውቃሉ አለችኝ።

ወንድምየው መሄጃው ደርሶበት ስለነበር ነገሩን አሳጠረው። ነገ ጠዋት ፓርኬ የሚያነጥፉ ሰዎች ይመጣሉ። ፓርኬው የእሱ ስጦታ ነው፤ ለእናቱ ቤት የደረሰ ልጅ መባል ይፈልጋል፣ ያንንም አልደበቀም። የሚያነጥፉት ሰዎች ደግሞ ወለሉን አይተው፣ እንዲህ እየተወዛወዘ መጋጠሚያው ሁሉ በወር ውስጥ አፉን ይከፍታል ብለው እምቢ ብለዋል። እውነታቸውን ነው። ጣውላውን ከሥር የሚሸከሙት ሞራሌዎች ቀጫጭን ናቸው፣ ርቀታቸውም ሰፍቷል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በእያንዳንዱ ሞራሌ ጎን አንድ አዲስ ሞራሌ በኮላና በቪቴ፣ በሚጠመዘዘው ምስማር፣ ማጣበቅ፣ በመካከላቸው ደግሞ አግድም እንጨት እየቆረጡ ማስጨነቅ። በእንጨቱ ዋጋ ትንሽ ተጨቃጨቅን፤ እሱ እንጨት ከሰማይ የሚዘንብ ይመስለዋል። በመጨረሻ «አደራ፣ ንቅንቅ እንዳይል» ብሎ ወጣ። እናቱ ጀርባቸውን እንደሰጡ «ደህና ዋል ልጄ፣ ዛሬ ደግሞ ቸኩለሃል» አሉት። እሱ መንገድ ላይ ደርሷል። እህትየው እኔን ተከትላ በሩ ድረስ መጣችና፣ ከበሩ እስከ ወንበሩ፣ ከወንበሩም እስከ ጓዳው ያለውን በተለይ አደራ አለችኝ። ለምን በተለይ እንዳለች ያኔ አልጠየቅኋትም።

ከቤቱ ጎን ባለች ትንሽ መዝጊያ ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ። ከወለል ሥር መሥራት ሰው የማይመኘው ሥራ ነው፤ አፈሩ ቀዝቃዛ፣ ሸረሪቱ ብዙ፣ ክርንህ እንደልብ አይዘረጋም። አንድ ጥቅም ግን አለው፣ ሰው ከሥሩ መኖርህን ይረሳል። የመጀመሪያውን ሞራሌ በክሪክ ደግፌ ቀና ሳደርግ ከላይ «አለሽ?» የሚል የእናትየው ድምፅ መጣ። ወዲያው ወለሉ ሁለት ጊዜ ድም ድም አለና የስንት ዘመን አቧራ ዓይኔ ውስጥ ወረደ። ተራገምኩ። ዓይኔን አሽቼ ሳልጨርስ እንደገና «አለሽ?»፣ እንደገና ድም ድም፣ እንደገና አቧራ። በሦስተኛው ገባኝ። እህትየው ጓዳ ትሁን፣ አልጋ ታንጥፍ፣ ልብስ ትጠብ፣ እናቷ «አለሽ?» ሲሉ ሁለቴ በተረከዟ ወለሉን ትመታለች። ወንበሩ ሁለቴ ይነቀነቃል፣ እሳቸውም ይረጋጋሉ። ለማይሰማ ጆሮ መልስ የሚደርሰው በዚያ መንገድ ነው። ሳትጠራ ስትራመድ ደግሞ ወዲያው «ወዴት ነው?» ይባላል። ወደ ጓዳ ሦስት እርምጃ፣ «ወዴት ነው?»። ወደ መስኮቱ ሁለት እርምጃ፣ «ወዴት ነው?»። መቁጠር ጀምሬ ሠላሳ ላይ ስደርስ ደክሞኝ ተውኩት፤ ገና አራት ሰዓት እንኳ አልሆነም ነበር። ከዚያ በኋላ «አለሽ» ሲሉ እኔም ዓይኔን መጨፈን ለመድኩ።

እኩለ ቀን ላይ እህትየው ዳቦና ሻይ ይዛልኝ ወደ በሩ ደረጃ መጣች። እኔ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ እሷ ግን አልተቀመጠችም። አንድ እግሯ ውጭ ደረጃው ላይ፣ አንድ እግሯ ደፉን አልፎ ወለሉ ላይ ሆኖ ቆመች። ምን ነካት ብዬ ስገረም ከውስጥ «አለሽ?» ሲባል ያቺ የውስጥ እግሯ ሁለቴ መታች፤ አፏ ስለ አየሩ የጀመረችውን ወሬ አላቋረጠም። እግሯ የራሱ አፍ ያለው ይመስል ነበር። እናትየው አሳዘኑኝ። ጠዋት የዋጥኩት ነገር እዚያ ጋ ወጣ።

«እህቴ፣» አልኳት፣ «ከበሩ እስከ ወንበራቸው ያሉትን ሁለት ሞራሌዎች እንደነበሩ ልተዋቸው? ፓርኬውን እምብዛም አይጎዳውም። እሳቸውም በዚያችው ሰው መግባት መውጣቱን ይወቁባት።»

 ሻዩን የያዝኩበትን እጄን እያየች «ወለሉ ይጠንክር ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ ፓርኬ ብቻ ነበር ያለው፤ ሰዎቹን አስጠርቼ እምቢ እንዲሉት የነገርኳቸውም እኔ ነኝ» አለች።

በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኼ ነው አልኩ በሆዴ። አፌ ዝም ቢልም ፊቴ ሐሜተኛ ነው፣ ሁሉን ተናገረ መሰለኝ። እሷም አነበበችው። አልተቆጣችም፤ ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሳትጠየቅ ከተቀመጠችበት ተነስታ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ሽንት ቤት ስትሄድ «ወዴት ነው?»፣ ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ «ወዴት ነው?»፣ ትኩሳት ይዟት ስትገላበጥ «ምን ሆነሽ?»። እናቷ ክፉ አይደሉም፣ ይፈራሉ እንጂ፤ ሰው ጥሏቸው የሚሄድ ይመስላቸዋል። ወንድሟ በሳምንት አንድ ቀን ፍራፍሬ ይዞ ይመጣል፣ «እማዬን አደራ» ይላል፣ ይሄዳል። አደራ የሚባል ነገር ለሰጪው ምንኛ ቀላል እንደሆነ አስበህ ታውቃለህ አለችኝ። አላሰብኩም። እኔ ደግሞ ከወንድ ጋር ልትሄድ ይሆናል የሚል ነገር ጠረጠርኩና፣ ወለሉ ሲጠነክር ወዴት ልትሄድ እንዳሰበች ጠየቅኋት።

«የትም፣ ጋሼ። እዚህ ደረጃ ላይ ልቀመጥ ነው፤ አንተ አሁን እንደተቀመጥከው። ሁለቱንም እግሬን አውጥቼ።»

 ለእናትየው ጠበቃ ልቁም ብዬ የእሷን ችሎት ሰማሁ። ብርጭቆውን መልሼላት ወደ ጉድጓዴ ተመለስኩ።

አሁን የምነግራችሁን ለሌላ አናጢ አልነግረውም፤ ውሃ ልክ የተባልኩት ሰውዬ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጠማማ ሥራ ሠራሁ። ሌላውን ሁሉ እንደሚገባው አድርጌ ሠራሁ፤ ኮላውን አልሰሰትኩም፣ ቪቴውን በየስንዝሩ አሰርኩ፣ አግዳሚዎቹን በመዶሻ እየጎሰምኩ አስጨነቅሁ። ከበሩ እስከ ወንበሩ ያሉትን ሁለቱን ሞራሌዎች ግን እንደነበሩ ተውኳቸው። እህትየውን ሰምቻታለሁ፣ እውነቷን ነው ብያለሁ፤ ግን የእናትየው «አለሽ?» ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ያቺ አንድ መንገድ ብትቀርላቸው ማን ይጎዳል አልኩ። ለሁለቱም ያዘንኩ መስሎኝ ሁለቱንም አታለልኩ።

አሥር ሰዓት ላይ ወንድምየው ተመለሰ። ወለል ሲፈተሽ የማደርገው የታወቀ ነው፤ በርጩማ ላይ እስከ አፉ የሞላ ብርጭቆ ውሃ አስቀምጣለሁ፣ ሰው ዙሪያውን ይራመዳል፣ ውሃው ካልተንቀሳቀሰ ሥራው አልቋል። በርጩማውን ከእናትየው ወንበር አጠገብ አደረግኩት። ወንድምየው ጫማውን እያንኳኳ ከጥግ ጥግ ሄደ። ውሃው ዝም፣ ቁም ሳጥኑም ዝም። እኔ በሩ ጋ ቆሜ መንገዱን ዘግቼበታለሁ፣ እሱም አላስተዋለም። «እሰይ፣ ባለሙያ ማለት እንዲህ ነው» አለኝ። ከዚያ እህትየው ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ከጓዳው ወጣች። ቀጥ ብላ ወደ በሩ መጣች፤ ገለል አልኩላት፣ ምን ላድርግ። የተውኳቸው ሞራሌዎች ላይ ስትደርስ ቆመች። ክብደቷን ወደ አንድ እግሯ አዞረች። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ተርገበገበ።

«ወዴት ነው?» አሉ እናትየው።

እህትየው አየችኝ። አሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ በረገጠችው ወለል ላታልላት መሞከሬ ምን ያህል ሞኝ ብሆን ነው። ወንድምየው ምን ተፈጠረ ሲል፣ ዓይኗን ከእኔ ሳታነሳ «ምንም፣ እዚህ ጋ ትንሽ ቀርቶታል። ይጨርሰዋል» አለች። አላጋለጠችኝም። እኔም ተረሳችኝ ብዬ ዋሸሁና መብራቴን ይዤ ወረድኩ።

ያቺ የመጨረሻዋ ሥራ ከግማሽ ሰዓት በላይ አልፈጀችም። ኮላውን ቀባሁ፣ አዲሶቹን ሞራሌዎች ገጠምኩ። ቪቴ እየነዳሁ ሳለ «አለሽ?» የሚለው መጣ፤ ድም ድም፣ አቧራም ወረደብኝ፣ ከጠዋቱ ያነሰ አቧራ። እጄ ቆመ። ያኔ ነው የታየኝ። ወለሉ የእሷን እርምጃ ለእናቷ የሚያሳብቅ ብቻ አልነበረም፤ መልሷም የሚሄደው በዚያው ነበር። ልጅቷ አንዱን ዘግታ አንዱን የምታስቀር መስሏታል። ወጥቼ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ሁለት ጊዜ በሰው ቤት ጣልቃ ገብቼ ሁለት ጊዜ አፍሬያለሁ፤ ጉልበቴም ይጠዘጥዘኝ ነበር፤ ደግሞ እሷ ሳታስበው ቀርታ ነው ወይ፣ ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁት። የቀሩትን ቪቴዎች እስከ መጨረሻቸው አጠበቅሁ።

ስወጣ ወንድምየው መሃል ወለል ላይ እንደ ልጅ እየዘለለ ነበር። ብርጭቆዎቹ ድምፅ አላሰሙም። ደስ ብሎት ሂሳቤን ሳይጨቃጨቅ ከፈለኝ፤ እህትየው ወደ ጓዳ ገብታ ወጣች፣ እኔ መጋዜን ልሰበስብ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ሦስታችንም ጉድ ጉድ እያልን ሳለ እናትየው ወንበሩን በሁለት እጃቸው ይዘው «ምነው ሁላችሁም ቆማችሁ?» አሉ። ወንድምየው ሳቀና፣ የሠራሁትን በዚያ እንደለካ ሰው ትከሻዬን መታ አድርጎ ሄደ። እናቱ ደህና ዋል አላሉትም፤ መሄዱን በምን ይወቁ።

እህትየው ጫማዋን አጥልቃ፣ በእናቷ ጀርባ በኩል አልፋ፣ ወደ በሩ ሄደች። መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ደግሞ ሆን ብላ ከበድ ከበድ አድርጋ ረገጠች። ማንም ወዴት ነው አላላትም። ወጣችና ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ ሁለቱንም እግሯን አውጥታ። እጆቿን ጉልበቶቿ ላይ አድርጋ መንገዱን አየች። መንገዱ ላይ ምንም የሚታይ ነገር የለም፤ አንድ የቆመ ጋሪ፣ አንድ ሱቅ፣ ልብስ የተሰጣበት ገመድ። ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ፈገግ ስትል ያን ጊዜ ነው ያየኋት፣ ጥርሷ ያምራል። እኔም የዕቃ ሣጥኔን አንግቤ በአጠገቧ ልወርድ ስል፣ መጣ።

«አለሽ?»

ከተቀመጠችበት ሳትነሳ፣ ፈገግታዋም ገና ፊቷ ላይ እንዳለ፣ አንድ እግሯን ወደ ኋላ አዙራ ደፉን አሻግራ በተረከዟ ወለሉን ሁለቴ መታች። ጥሩ ድምፅ ነው፣ ደረቅ፣ የጠንካራ እንጨት ድምፅ። እኔ ሰማሁት።

«አለሽ?» አሉ እናትየው እንደገና።

ተነሳች። ወደ ውስጥ ዞረች። መታች፤ ሁለቴ። «ልጄ፣ አለሽ ወይ?» ድምፃቸው ከፍ አለ፣ ወንበሩን የያዙት እጆቻቸው ደም ሥራቸው ተገትሯል። እህትየው ዞራ አየችኝ። አላሰበችውም ነበር፤ ፊቷ ላይ ታየኝ። ነገ ሰዎቹ ሳይመጡ አንዱን ሞራሌ ላውጣው ልላት አፌን ከፈትኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው። በራሴ እጅ በየስንዝሩ ያሰርኩት ነው፣ ኮላው እስከ ነገ ይደርቃል፣ ሞራሌው ሳይሰበር ማንም አያወጣውም። 

«አለሁ» አለች በአፏ። «አለሁ፣ እማዬ።»

«ጥለሽኝ ሄድሽ?» አሉ እናትየው ወደ መስኮቱ እያዩ። «ቤቱ ውስጥ ሰው የለም?»

ሁለት እርምጃ ሄዳ ትከሻቸውን ብትነካቸው ይበቃ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ «አለሽ?» በተባለ ቁጥር፣ ከጓዳም ከአልጋም ተነስታ የምታደርገው እሱን ነው። ያን ጊዜ ግን አሥራ አንድ ዓመት የለመደው እግሯ ቀደማት። ሁለቴ መታች። ደግማ ሁለቴ መታች። ከዚያ ጫማዋን አውልቃ ወረወረችና፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ በባዶ ተረከዟ ረገጠች። ወለሉ ንቅንቅ አላለም።